ኢዙሞ ታይሻ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሰሩ

ጃፓን ሄዳችሁ ከቶኪዮና ኪዮቶ ወጣ ማለት ካሰባችሁ ሺማኔ ክፍለ ሀገር ያለው ኢዙሞ ታይሻ የሚባለው የሺንቶ (የጃፓኖች ባህላዊ እምነት) መቅደስ በጣም ያምራል፣ ግን ብዙ ቱሪስት ፎቶ አንስቶ ብቻ ይመለሳል፣ ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው ስህተት በቀጥታ ዋናው መቅደስ ጋ መሮጥ ነው። ከመግቢያው ቁልቁል ስትወርዱ በስተቀኝ ትንሽዬ መቅደስ አለች፣ ምእመናኑ መጀመሪያ እዛ ነው የሚነፁት። በጥድ ዛፎች መሀል የሚያልፈው መንገድ ላይ ደሞ መሀሉን ትታችሁ ዳር ዳሩን ሂዱ፣ የዛፎቹ ስር እንዳይረገጥ ነው።

ከፀሎት በፊት እጅና አፍ የሚታጠቡበት ውሃ ጋ ከጭልፋው በቀጥታ መጠጣት ነውር ነው። መጀመሪያ ግራ እጅን መታጠብ፣ ቀጥሎ ቀኝ፣ ከዛ ግራ መዳፍ ላይ ጠብ አርጎ መጉመጥመጥ፣ የተጉመጠመጡበትንም ገንዳው ውስጥ አለመትፋት።

ሲፀለይ የሚጨበጨበው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ሌላ ቦታ ሁለቴ ጎንበስ ብሎ ሁለቴ አጨብጭቦ አንዴ ጎንበስ ነው፣ እዚህ ግን አራቴ ነው የሚጨበጨበው። እምነቴ አይፈቅድም የምትሉ ማንም አያስገድዳችሁም፣ ዳር ሆናችሁ በፀጥታ ማየት ትችላላችሁ፣ ግን ሰው እየፀለየ ከፊቱ ተገትሮ ሰልፊ ማንሳት በፍፁም አይሆንም፣ እኛም ቤተክርስቲያናችን ወይ መስጊዳችን ውስጥ ሰው እንዲህ ቢያረግ አንወድም እኮ።

ሌላው ደሞ ዋናውን ህንፃ ከፊት ብቻ አይቶ መመለስ ነው፣ ለኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አሁን ያለው በፈረንጆቹ 1744 የተሰራ ሲሆን ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ነው፣ ውስጥ አይገባም ግን ዙሪያውን መሄድ ይቻላል። ህንፃው ወደ ደቡብ ቢያይም ኦኩኒኑሺ የሚባለው አምላካቸው ውስጥ ፊቱን ወደ ምእራብ አዙሮ ነው ያለው ይላሉ፣ ስለዚህ የሚያውቁት በምእራብ በኩል ዞረው ደግመው ይፀልያሉ። ድሮ 48 ሜትር ነበር የሚል ትውፊት አለ፣ ብዙ ሰው አላመነም ነበር፣ በ2000 ግን ግቢው ውስጥ ሲቆፈር ሶስት ሶስት ግዙፍ ግንድ አንድ ላይ ታስሮ የቆመ፣ ውፍረቱ 3 ሜትር የሚደርስ ምሰሶ ተገኘ። አጠገቡ ያለው ሙዚየም ክፍት ከሆነ ሳታዩት እንዳትሄዱ።

ካጉራደን የሚባለው የቅዱስ ጭፈራ አዳራሽ ላይ የተሰቀለው ወፍራም የገለባ ገመድ ርዝመቱ 13 ሜትር ገደማ ነው፣ ሳንቲም ወርውሮ እዛ ላይ መሰካት ክልክል ነው፣ ገለባውን ይጎዳል።

በመጨረሻም የመመለሻ ባቡርና ባስ ሰአታችሁን ቀድማችሁ ቼክ አርጉ፣ ገጠር ስለሆነ እንደ ቶኪዮ በየደቂቃው አይመጣም።