ውጪው አሮ ውስጡ ጥሬ የሆነብኝ የበግ ጎድን

ባለፈው ገና በከሰል የጠበስሁት የበግ ጎድን ውጪው ያረረ፣ በአጥንቱ ዙሪያ ግን ደም ያዘለ ሆኖ ለእንግዶች ቀረበ፤ ጭሱም አምርሮት ነበር። መጀመሪያ በበጉ አመካኘሁ። ጥፋቱ ግን ከሰሉ ገና እየጨሰ ሥጋውን መጣዴና ስቡ በቀጥታ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ ነበልባል ማስነሳቱ ነበር።

ለፋሲካ ምድጃውን ግቢ ውስጥ አውጥቼ (የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ይገድላል) ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠበቅሁ፤ ከዚያም ፍሙን ወደ አንድ ወገን ገፍቼ፣ ጎድኑን ፍም በሌለበት በኩል አኑሬ፣ በሰፊ የብረት ድስት ከደንሁት፤ ለመዓዛውም አንዲት ቁራጭ የደረቀ የወይራ እንጨት ጣል አደረግሁ። በሙቀት መለኪያ፣ አጥንቱን ሳልነካ፣ ወፍራሙ ክፍል ከ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉን ካረጋገጥሁ በኋላ ብቻ ፍሙ ላይ ጥቂት አቅልቼ አወጣሁት። አጥንቱ ዙሪያ ደም አልታየም።