መጠነ ቁስ፣ ክብደት፣ እፍግታ፦ ሦስቱን ሳያምታቱ ለመያዝ

በሳይንስ ክፍል ከአዲሶቹ ቃላት ይልቅ የሚያስቸግሩት ከቤት የምናውቃቸው ናቸው። ባሕር ዳር ገበያ «ይሄ አምባዛ ክብደቱ 2 ኪሎ ነው» ይባላል። በፊዚክስ 2 ኪሎግራሙ መጠነ ቁስ ነው፤ ዓሣው የያዘው የቁስ መጠን። ክብደት ደግሞ መሬት ዓሣውን ወደ ራሷ የምትስብበት ጉልበት ሲሆን የሚለካው በኒውተን ነው፤ ለዚህ ዓሣ 20 ኒውተን ገደማ። ዓሣው ጨረቃ ላይ ቢወሰድ መጠነ ቁሱ ያው 2 ኪሎግራም ነው፣ ክብደቱ ግን ወደ 3 ኒውተን ይወርዳል። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ከየቃሉ ጎን መለኪያውን ጻፉ። ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ቃሉ ቢለወጥም መለኪያው አይለወጥም።

እፍግታ መጠነ ቁስ ለይዘት (ቁሱ ለሚይዘው ቦታ ስፋት) ሲካፈል ነው። የጣናን ታንኳ አስቡ። የሚሠራበት ተክል፣ ደንገል፣ ውስጡ አየር ስለቋጠረ እፍግታው ከውኃ ያንሳል፤ ሰው ጭኖም ይንሳፈፋል። ውኃ እየመጠጠ ሲሄድ እፍግታው ይጨምርና ታንኳው ዝቅ ይላል፤ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

ቤት ለመሞከር ግማሽ ሊትር ውኃ፣ ውስጡ የሚታይ ጆግ፣ በቅርቡ የተጣለ እንቁላልና 6 የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ይበቃል። እንቁላሉን ውኃው ውስጥ ክተቱ፤ ይሰምጣል። አውጡትና ጨዉን አንድ አንድ ማንኪያ እየጨመራችሁ ሙልጭ ብሎ እስኪሟሟ አማስሉ። እንቁላሉን መልሱት፤ አሁን ይንሳፈፋል፣ የውኃው እፍግታ በልጦታልና። እዚህ ጨው ሟሚ፣ ውኃ አሟሚ፣ ያገኛችሁት ሙሙት ነው። «ውህድ» አትበሉት፤ ውህድ በኬሚካዊ ለውጥ የሚገኝ ሌላ ቁስ ነው፣ እዚህ ግን ውኃው ቢተን ጨዉ እንዳለ ይቀራል።

እንቁላሉ ካልተንሳፈፈ ጆጉን ከሥር እዩ፤ ያልሟሟ ጨው ረግቶ ይሆናል። ገና በንጹሕ ውኃ ከተንሳፈፈ እንቁላሉ ቆይቷል፦ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውኃው ተንኖ በምትኩ አየር ገብቷል። ሌላ አምጡ።

ትነትና ፍሌትም ይምታታሉ። ትነት በማንኛውም ሙቀት ከውኃው ገጽ ላይ ይካሄዳል፤ ጣናም ቀን ከሌት ይተናል። ፍሌት ግን ከውስጥ አረፋ እያነሣ በተወሰነ ሙቀት ነው። መጽሐፍ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚለው ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ያንሳል፤ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ ተበላሸ ብላችሁ ቁጥሩን አትሰርዙ፤ ያነበባችሁትን ጻፉ፣ ከጎኑ ከፍታውን ጨምሩ።