በማጥለያ ከረጢት የሚጠመቅ ቢራ ዎርቱ ሲደፈርስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ብቅልን በጨርቅ ወይም በናይለን ከረጢት ከትቶ በአንድ ድስት ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም ከረጢቱን አውጥቶ የቀረውን ማፍላት፣ በቤቱ ቢራ ለሚጠምቅ ሰው ቀላሉ መንገድ ነው። ቅሬታ የሚያስነሣው ግን ዎርቱ፣ ማለትም ከብቅሉ የወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ድፍርስ ሆኖ መቅረቱ ነው። በቢራ ፋብሪካ ዎርቱን የሚያጠራው የብቅሉ ገለባ ራሱ ነው፤ ከማጣሪያው ጋን ግርጌ ይነጠፍና ፈሳሹ በላዩ ሲመላለስ ዱቄቱን ይይዛል። ከረጢት ሲነሣ ግን ይህ ንጣፍ ይናጋል፣ ዱቄቱም በጨርቁ ቀዳዳ ያልፋል። ስለዚህ ይበልጥ የጠበበ ጨርቅ መፈለግ፣ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ቢሆንም፣ አያዋጣም፤ ጠባብ ጨርቅ በዱቄት ይደፈንና ዎርቱን አግቶ ያስቀራል። የሚያዋጣው ገለባውን ወደ ማጣሪያነቱ መመለስ ነው።

ድፍርስነት ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ መፍትሔ ከመሞከር በፊት መቼ እንደ ጀመረ መለየት ያስፈልጋል። ከረጢቱ እንደ ወጣ፣ ፍላቱ እንዳበቃ፣ ዎርቱም እንደ ቀዘቀዘ በየተራ አንድ አንድ ብርጭቆ ቀድተው ለግማሽ ሰዓት ያስቀምጡ። ከዚያም ከብርጭቆው ኋላ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ይዘው ፊደሉ መነበብ አለመነበቡን፣ ከታች የተቀመጠውም ዝቃጭ ምን እንደሚመስል ይመልከቱ።

ከረጢቱ እንደ ወጣ የሚታይ ነጭ ድፍርስ

በመጀመሪያው ብርጭቆ ግርጌ ነጭ፣ ሊጥ መሰል ዝቃጭ በወፍራሙ ከተቀመጠ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አፈጫጨቱ ነው። ወፍጮ ቤት ያለው ድንጋይ ለጤፍና ለስንዴ ዱቄት የጠበበ ስለሆነ፣ ብቅሉ በዚያው ከገባ ገለባው ሳይቀር ይደቃል። ባለ ወፍጮውን ድንጋዩን እንዲያሰፋልዎት ይጠይቁ፤ ፍሬው እንደ ቅንጬ ሁለት ሦስት ቦታ ተሰብሮ ገለባው ሳይደቅ መውጣት አለበት። ብቅሉ ከመፈጨቱ 15 ደቂቃ ያህል በፊት በጥቂት ውኃ፣ ለ5 ኪሎ በ100 ግራም ገደማ፣ አርከፍክፎ በእጅ ማሸት ገለባውን ስለሚያለሰልሰው ከመድቀቅ ይጠብቀዋል። ከእርስዎ በፊት በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ እንዳይሆን አስቀድሞ ማጣራትም ይበጃል።

አፈጫጨቱ ተስተካክሎም ድፍርሱ ካልቀነሰ አነሣሡን ይመርምሩ። ከረጢቱን በጉልበት መጭመቅ ጥቂት ዎርት ያተርፋል፤ በምላሹ ግን በገለባው መካከል የተያዘውን ዱቄት ሁሉ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል፤ ለእኔ ይህ ትርፍ ከኪሳራው አይበልጥም። ይልቁንም መዘፍዘፉ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ማማሰሉን ያቁሙ። ከዚያም ከረጢቱን በዝግታ አንሥተው አፉን እንደ ከፈቱ ሰፊ ማጥለያ ላይ፣ ማጥለያውን ደግሞ ሁለተኛ ድስት ላይ ያስቀምጡት። በጆግ ከዎርቱ እየቀዱ፣ ጭልፋ በብቅሉ ላይ አጋድመው በጭልፋው ጀርባ ላይ ቀስ እያሉ ያፍስሱ፤ እንዲህ ሲሆን ፈሳሹ ብቅሉን ሳይቦረቡረው ይሰርጋል። መጀመሪያ ከታች የሚወርደው እንደ አጥሚት የወፈረ ነው። ያንኑ መልሰው በላዩ ሲያፈሱት ጅረቱ እየቀጠነ፣ ነጭነቱም ወደ ቢጫ ከዚያም ወደ ወርቃማ እየተለወጠ ይሄዳል። ጅረቱ መጥራት ሲጀምር ብቅሉን መንካት ማቆም፣ ቀሪውንም ጠብታ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በራሱ ጊዜ እንዲወርድ መተው ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሙቀቱ ከ77 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ገለባው የሚያሳስር ጣዕም ይለቃል።

ቢቆይም የማይዘቅጥ ድፍርስ

ዝቃጩ ጥቂት ሆኖ ፈሳሹ ግን ከላይ እስከ ታች እንደ ጭጋግ ከቀረ፣ ወደ ስኳር ያልተለወጠ ስታርች መኖሩን ይጠርጥሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ገለባ ያልገባበት አንድ ማንኪያ ዎርት በነጭ ሳህን ላይ አቀዝቅዘው ከፋርማሲ የሚገዛ የአዮዲን ቲንክቸር አንድ ጠብታ ያድርጉበት። ቡናማነቱን ከጠበቀ ስታርቹ አልቋል፤ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ገና ነው። የሞከሩበትን ይድፉት እንጂ ወደ ድስቱ አይመልሱት። መፍትሔው ብቅሉን ከ65 እስከ 67 ዲግሪ አቆይቶ ለ60 ደቂቃ፣ ካስፈለገም ለ90 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው፤ ይህንንም በጣት ሳይሆን በቴርሞሜትር መለካት ይገባል።

የብቅሉ ምንጭም እዚህ ላይ ይለያያል። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚያመርተው ዓይነት ብቅል ለቢራ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ አንድ ሙቀት ይበቃዋል። በቤት የበቀለ የአርሲ ገብስ ግን ቡቃያው ሳይገፋ የደረቀ ከሆነ የሚያጣብቅ ሙጫ ይበዛበታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለ20 ደቂቃ ማቆየት ዎርቱን በግልጽ ያቀጥነዋል። አሻሮ የሚጨምር ሰው፣ የተቆላ እህል ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም እንደማይቀረው አውቆ መጠኑን ማሳነስ አለበት። በቆሎና ማሽላ ደግሞ ስታርቻቸው የሚፈታው ከገብስ በበለጠ ሙቀት ስለሆነ ለብቻ ተቀቅለው መግባት ይኖርባቸዋል።

ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ የሚቀጥል ድፍርስ

ይህ ሲሆን ውኃውን መመርመር ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚገኝ የጉድጓድ ውኃ ብዙውን ጊዜ ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት የዝፍዝፉን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን፣ ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ኢንዛይሞቹ ይሰንፋሉ፣ ፕሮቲኑም በፍላት ጊዜ ተጠራቅሞ አይዘቅጥም። ተፈላጊው ከ5.2 እስከ 5.6 ያለው መጠን ነው፤ በመለኪያ ወረቀት ይታወቃል። ውኃውን አስቀድሞ ማፍላት የሚጠቅመው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ለሚተው፣ ካልሲየም ላለበት ውኃ ነው። የአዳማ አካባቢያችን ጉድጓዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም ያመዝንባቸዋልና ማፍላት ብዙም አይለውጣቸውም፤ በወንጂ አካባቢ የሚታወቀውን ፍሎራይድም ጭራሽ ያከማቸዋል እንጂ አያስወግደውም። በዝናብ ውኃ ወይም በታሸገ ውኃ ማቅጠን፣ ወይም የሎሚ ጭማቂ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ መለካት የተሻለ ነው።

ከፍላት በኋላ የማይጠራ ዎርት

በሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ እንደ ተፈታ እንቁላል ያሉ ቁርጥራጮች ተንሳፍፈው በመካከላቸው ያለው ፈሳሽ ጠርቶ ከታየ ፍላቱ ሥራውን ሠርቷል። ቁርጥራጭ ካልታየ ግን ፍላቱ ደካማ ነበር። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የፍላቱን ኃይልና ጊዜ መጨመር ያስፈልጋል። ለ75 ደቂቃ ያህል እየተንከባለለ ይፍላ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለ20 ሊትር አይበቃም፤ የሲሊንደር ጋዝ ወይም በደንብ የተያያዘ ከሰል ይሻላል፤ ክዳኑንም ሙሉ በሙሉ አይግጠሙ። አይሪሽ ሞስ የሚባለውን የባሕር አረም ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ካለ፣ ፍላቱ ሊያበቃ 15 ደቂቃ ሲቀረው አንድ የሻይ ማንኪያ ለ20 ሊትር ይበቃል።

ለቢራ ምሬት ከሚሰጠው ከሆፕ ይልቅ ጌሾ የሚጠቀም ሰው የተወቀጠውን በቀጥታ አይጨምር፤ ደቃቁ ከፕሮቲኑ ጋር ተደባልቆ ለመዝቀጥ እምቢ ይላል። ቅጠሉን በትንሽ ሻሽ ቋጥሮ መንከርና መጨረሻ ላይ ማውጣት ይበቃል።

ሲቀዘቅዝ የሚመጣ ጭጋግ

ትኩስ ሳለ ጠርቶ ሲቀዘቅዝ የሚደፈርስ ዎርት ያሳስብ ይሆናል፤ ይህ ግን ተፈላጊ ነው፤ ፕሮቲኑ በቅዝቃዜው እየተጠራቀመ መሆኑን ያሳያል። ቅዝቃዜው ዝግ ካለ ግን ደቃቅ ሆኖ ይቀራል። የአዳማ የቧንቧ ውኃ በሞቃት ወራት ለብ ያለ ስለሚሆን ብቻውን አይበቃም፤ ድስቱን በትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው በዙሪያው በረዶ የሠራባቸው የሃይላንድ ጠርሙሶች ይደርድሩ፣ የሳፋውንም ውኃ እያማሰሉ ይቀይሩ። ጠርሙሱን በዎርቱ ውስጥ መክተት ግን ብክለት ያስገባል።

ከ20 ዲግሪ አጠገብ ሲደርስ ዎርቱን በንጹሕ ጭልፋ በአንድ አቅጣጫ አሽከርክረው ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይተዉት። ዝቃጩ መሐል ላይ ይከመራል። በላስቲክ ቱቦ ከድስቱ ዳር እየቀዱ ወደ መጥመቂያው ዕቃ ያሳልፉ፤ ከግርጌው የቀረውን አንድ ሁለት ሊትር ለማትረፍ ድስቱን አያዘንብሉ። እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ቢራው ራሱ ይበልጥ ስለሚጠራ፣ በዚህ ጊዜ ጥቂት ጭጋግ ቢቀር ዎርቱን ለመድፋት ምክንያት አይሆንም።