የሙከራ ሰዓት አይቶ ሻምፒዮን መሾም፣ እና ሌሎች የፎርሙላ ዋን ትንበያ ስህተቶች

የካቲት ሲመጣ የቅድመ ውድድር ሙከራም ይመጣል። ገና የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ "ዘንድሮ ዋንጫው የእነ እገሌ ነው" የሚል መልእክት ስልኬን ያጨናንቀዋል። የቡድኖችን አቋም ስገምት ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

የሰዓት ሰንጠረዡን ማመን። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፈጣን የተባለው መኪና ስንት ኪሎ ነዳጅ ይዞ እንደሮጠ የሚነግራችሁ የለም። እንደ ባርሴሎና ባለ ትራክ ላይ 10 ኪሎ ነዳጅ በዙር 0.3 ሰከንድ ገደማ ያዘገያል። አንዱ 10፣ ሌላው 60 ኪሎ ይዞ ከወጣ ልዩነቱ 1.5 ሰከንድ ደረሰ። በዚህ ብቻ አንደኛው አስረኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። የጎማው ዓይነት ሲጨመርበት፣ የሞተሩ ኃይል ምን ያህል እንደተለቀቀ አለመታወቁም ሲጨመርበት፣ ከሰንጠረዡ ምን ተረፈ?

እ.ኤ.አ. በ2019 ባርሴሎና ላይ ፌራሪ ከሁሉም ፈጥኖ ታየ። የመጨረሻው ቀን ላይ የፌራሪው ፌተል የመርሴዲሱን ሃሚልተን የቀደመው በ0.003 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ መርሴዲስ ደግሞ ለሁለተኛው ሳምንት መኪናውን በብዙ ቀይሮ ነበር የመጣው። ይህንን እያየሁ ፌራሪ ብዬ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ውድድር፣ ሜልበርን ላይ፣ የመርሴዲሱ ቦታስ አሸነፈ፤ ፌተል በ57 ሰከንድ ተበልጦ 4ኛ ወጣ። መርሴዲስ የመጀመሪያዎቹን 5 ውድድሮች 1ኛና 2ኛ እየሆነ ጨረሰ። ፌራሪ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው ቤልጂየም ላይ፣ በ13ኛው ውድድር ነው።

ታዲያ ምን እንይ? ረጅሙን ሩጫ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ አንድ መኪና 15 ዙር ሳያቋርጥ ሲሮጥ የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት ጻፉ። ነዳጁ እየተቃጠለ ስለሚሄድ መኪናው ይቀላል፤ በዚያ ብቻ በየዙሩ 0.05 ሰከንድ ገደማ መፍጠን አለበት። ጎማው ደግሞ እያለቀ ያዘገየዋል። በ1:37.0 ጀምሮ በ1:37.4 ከጨረሰ ጎማውን በደንብ ይዞታል። በ1:36.5 ጀምሮ 1:39 ላይ ከደረሰ ግን በመጀመሪያው ዙር አትታለሉ። ያ መኪና ጎማ ይበላል።

መኪናውን በፎቶ መፍረድ። በ2022 መርሴዲስ የመኪናውን ጎንና ጎን ሙልጭ አድርጎ አቅጥኖ ባህሬን ሲገባ ብዙዎቻችን አፋችንን ከፍተን ቀረን። 8 ተከታታይ የቡድን ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው፤ "ሌሎቹ ያላዩትን አይቷል" አልን። መኪናው ቀጥታው መንገድ ላይ እንደ ኳስ ይነጥር ጀመር። የዚያ ዓመት ደንብ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው ኃይል በብዛት ከወለሉ ሥር እንዲመጣ አድርጎ ነበር። ከሥር የሚያልፈው አየር መኪናውን ወደ አስፋልቱ ይስበዋል። በጣም ሲጠጋ የአየሩ መተላለፊያ ይታፈናል፤ ስበቱ ይጠፋና መኪናው ይነሳል። ሲነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይስበዋል።

ዊንድ ተነል ውስጥ (የመኪናው ሞዴል በነፋስ የሚፈተንበት ክፍል ነው) ለምን አልታየም? እዚያ የሚፈተነው ሞዴል ከእውነተኛው መኪና 60 በመቶ መብለጥ አይፈቀድለትም። ነፋሱም በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር መፍጠን የለበትም። መንጠሩ የሚብሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። መርሴዲስ ያንን ዓመት በ1 ድል ጨረሰ፤ ራስል ብራዚል ላይ ያገኛት ናት።

ስለዚህ ከቅርጹ ይልቅ ቡድኑ የሚለካውን እዩ። መኪናው የአየሩን አካሄድ የሚያሳይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ ወይም ከጎማው ኋላ የሽቦ አጥር የመሰለ መለኪያ ተገጥሞለት ሲወጣ አትደንግጡ፤ ሁሉም ያደርገዋል። በመጨረሻውም ቀን ያንኑ ቦታ እየደጋገሙ የሚለኩ ከሆነ ግን ትራኩ የሰጣቸው ቁጥር ከዊንድ ተነሉ ጋር አልገጠመ ይሆናል። እኔ እዚያ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

አንድ ዕቃ ላይ ሙጭጭ ማለት። በ2025 ከስፔን ውድድር ጀምሮ የፊት ክንፍ መተጣጠፍ ፈተና ጠበቀ፤ በ100 ኪሎ ጭነት የሚፈቀደው ከ15 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ወረደ። ከክንፉ መተጣጠፍ ይጠቀማል ተብሎ ስለታመነ "ማክላረን አለቀለት" ሲባል ሰነበተ። በዚያው ውድድር የማክላረን ሾፌሮች ፒያስትሪና ኖሪስ 1ኛና 2ኛ ወጡ።

የአንዱን ትራክ ውጤት ለሌላው ማዋስ። ሞንዛ ቀጥታ መንገዱ ስለሚበዛ ቀጭን ክንፍ ይፈልጋል፣ ሞናኮ ጠመዝማዛ ስለሆነ ትልቅ። ይኸው ነው።

ደንቡ ተቀይሮ የአምናውን ሰንጠረዥ መገልበጥ። ሆንዳ 2008ን 9ኛ ሆኖ ጨርሶ ከስፖርቱ ወጣ። ያው ቡድን ብራውን ተብሎ በ2009 በድርብ ዲፊውዘር (ከመኪናው ኋላ ሥር አየሩን የሚያስወጣ ባለ ሁለት ደረጃ ክፍል) መጣ፤ ሾፌሩ በተን ከመጀመሪያዎቹ 7 ውድድሮች 6ቱን አሸነፈ፣ ዋንጫውም የእነሱ ሆነ። ቶዮታና ዊሊያምስም ድርብ ዲፊውዘር ነበራቸው፤ አንድም ውድድር አላሸነፉም።

የመጋቢትን መኪና ለመስከረም መተንበይ። በተን ከእነዚያ 6 ድሎች በኋላ በቀሩት 10 ውድድሮች አንዴም አላሸነፈም። በ2023 የአስተን ማርቲኑ አሎንሶ ከመጀመሪያዎቹ 8 ውድድሮች በ6ቱ መድረክ ላይ ወጣ፤ አስተን ማርቲን ግን ዓመቱን 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ዓመት የማክላረኑ ኖሪስ በመጀመሪያው ውድድር ባህሬን ላይ 17ኛ ነበር። ኦስትሪያ ላይ አዲስ ዕቃ ተገጠመለት፤ ሐምሌ ላይ ሲልቨርስቶን 2ኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ማክላረን ከ1998 ወዲህ የመጀመሪያውን የቡድን ዋንጫ ወሰደ።

ደንቡ ራሱ ወደ ኋላ የቀረውን ይረዳል። ከ2022 ጀምሮ ሻምፒዮኑ ቡድን ከመደበኛው የኤሮዳይናሚክስ (የአየር ፍሰት) ሙከራ 70 በመቶውን ብቻ ያገኛል፤ 10ኛው 115 በመቶ። በዚህ ምክንያት አሁን ለአንድ ዓመት ሁለት ትንበያ እጽፋለሁ፤ አንዱ ለመጀመሪያው ውድድር፣ ሌላው ከነሐሴ ዕረፍት በኋላ ላለው። ሁለተኛውን ስጽፍ መጀመሪያ የማየው ማን ትልቅ ማሻሻያ መቼ እንደሚያመጣ ነው።