የስፓም ማጣሪያ ስንፈትሽ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጂቲዩብ ተያዘ ብሎ ሥራ ጨርሻለሁ ማለት። ጂቲዩብ ለሙከራ የተዘጋጀ ባለ 68 ፊደል ጽሑፍ ነው፤ ስፓምአሳሲን (ለመልእክት ነጥብ እየሰጠ ስፓምን የሚለየው ማጣሪያ) ካገኘው 1000 ነጥብ ይሰጠዋል። መያዙ ማጣሪያው ከሜይል ሰርቨሩ ጋር መገናኘቱን ብቻ ያሳያል። እውነተኛው ፈተና ከራሳችሁ ሰርቨር የወጡ፣ ሰው አይቶ ስፓምና ደህና ብሎ የለያቸው መልእክቶች ናቸው።

ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ ተጠቃሚ) ሆኖ ማሠልጠን። እኔን ሳምንት ሙሉ ያንከራተተኝ ይሄ ነው። በኤስኤ ለርን (ስፓምአሳሲንን በሚያስተምረው ትእዛዝ) ብዙ መቶ መልእክት አስተማርኩት፤ ስፓሙ ግን መግባቱን አልተወም። የአንዱን ሄደር ከፍቼ የነጥቡን መስመር ሳየው ቤይስ (ከተማረው ተነስቶ ነጥብ የሚሰጠው የማጣሪያው ክፍል) የሚል የለም። ለካ ማጣሪያው የሚሠራው ሜይል ሰርቨሩን ከስፓምአሳሲን ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም በአማቪስ ውስጥ፣ አማቪስ በተባለው ተጠቃሚ ስም ነው፤ ያስተማርኩት ሁሉ ሩት ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ወደ አማቪስ ዞሬ ቆጠራውን ሳወጣ ስፓም 0፣ ደህና 0! ቤይስ ደግሞ ከሁለቱም ወገን 200፣ 200 ካልተማረ ነጥብ መስጠት አይጀምርም። ስፓሙን ብቻ እያስተማሩ "አይሠራም" የሚሉም ብዙ ናቸው።

ፎርዋርድ የተደረገ ስፓም ማስተማር። የላኪው ሄደር ጠፍቶ የባልደረባችሁ ይተካል፤ ማጣሪያውም እሱን ይጠምዳል። ተጠቃሚው መልእክቱን ወደ ስፓም ፎልደር ይውሰደው፣ እናንተ ከዚያ አስተምሩ።

በጉግል ዲኤንኤስ ጥቁር መዝገብ (የስፓም ላኪዎች አድራሻ ዝርዝር) መጠየቅ። እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያዘጋጀው ስፓምሀውስ በጉግሉ 8.8.8.8 በኩል ለሚመጣ ነጻ ጥያቄ የሚመልሰው 127.255.255.254 ነው፤ የስህተት ኮድ ማለት ነው። ሰርቨሩ የመጣለትን መልስ ሁሉ "ተመዝግቧል" ብሎ እንዲቀበል ከተዋቀረ ግን ደንበኛውም ባንኩም ከበር ይመለሳል። አንባውንድ የተባለውን የዲኤንኤስ ፕሮግራም ሰርቨራችሁ ላይ ጫኑ፤ ጥያቄውንም ለሌላ ሳያስተላልፍ ራሱ ይጠይቅ።

መልእክት ስፓም የሚባልበትን የነጥብ ገደብ ከ5 ወደ 3 ማውረድ። የሕጎቹ ነጥብ የተመዘነው 5ን ታስቦ ነው። የግድ ካላችሁ መጀመሪያ በደህናዎቹ ላይ ሞክሩትና ስንቱ እንደሚወድቅ ቁጠሩ። አንድ ስፓም ቢያልፍ በአንድ ክሊክ ይጠፋል፤ የጨረታ ፕሮፎርማ ስፓም ውስጥ ሲቀር ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የሚታወቀው። በነገራችን ላይ፣ ቴክስትካትን (የመልእክቱን ቋንቋ የሚለየውን የስፓምአሳሲን ተጨማሪ) ከፍታችሁ በተፈቀዱ ቋንቋዎች እንግሊዝኛን ብቻ ከጻፋችሁ የአማርኛ ደብዳቤ ራሱ ነጥብ ይቆጠርበታል። አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ጨምሩት።

የተሳሳተውን ሪስታርት ማድረግ። አማቪስ ስፓምአሳሲንን የሚያነበው ሲነሳ ነው። ስፓምዲን (ስፓምአሳሲንን ለብቻው የሚያስኬደውን ሰርቪስ) አሥር ጊዜ ብታስነሱት አዲሱ ሕግ አማቪስ ዘንድ አይደርስም።