የማይነር ሊግ ወጣት የቤዝቦል ተጫዋቾችን እድገት እንዴት መከታተል ይቻላል

በአሜሪካ ቤዝቦል አንድ ወጣት ለክለብ ከፈረመበት ቀን አንስቶ በሜጀር ሊግ (በከፍተኛው ሊግ) ሜዳ እስኪታይ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በማይነር ሊግ፣ ማለትም ከሥሩ ባሉት የማሳደጊያ ሊጎች፣ ዓመታት ያልፋሉ። እነዚያን ዓመታት በትዕግሥት ለመከታተል አንድ ደብተር እና ቁጥሮችን በቅደም ተከተል የማንበብ ልማድ ይበቃል።

በመጀመሪያ እርከኖቹን ይለዩ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ እያንዳንዱ የሜጀር ሊግ ክለብ ሙሉ የውድድር ዘመን የሚጫወቱ አራት ቡድኖች በሥሩ አሉት፤ ከታች ወደ ላይ ሲንግል-ኤ፣ ሃይ-ኤ፣ ደብል-ኤ እና ትሪፕል-ኤ ይባላሉ። ከእነዚህ በታች በፍሎሪዳ፣ በአሪዞና እና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚካሄዱ የጀማሪዎች ሊጎች ይገኛሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የማተኩረው በደብል-ኤ ላይ ነው፤ በታችኞቹ እርከኖች ፈጣን ኳስ ብቻ እየመታ ሲያሸንፍ የቆየ ወጣት መቺ እዚያ ሲደርስ ተጣማሚ ኳስን በፈለጉት ቦታ ማሳረፍ የሚችሉ ወርዋሪዎች ይጠብቁታልና።

ቀጥሎ አንድ ክለብ መርጠው ከአምስት ወይም ከስድስት የማይበልጡ ተጫዋቾችን ይመዝግቡ። በእያንዳንዱ ስም ፊት የትውልድ ቀኑን፣ የፈረመበትን ዓመትና ያለበትን እርከን ይጻፉ። ዕድሜው ከሁሉም የሚቀድም መረጃ ነው፤ በደብል-ኤ የሚጫወት የ20 ዓመት ወጣትና የ25 ዓመት ተጫዋች እኩል ውጤት ቢያስመዘግቡ ትልቁ ተስፋ ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው።

ከዚያ በየወሩ መጨረሻ ውጤቱን ያስፍሩ። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው የመምቻ አማካይን ነው፤ ነገር ግን በ100 ሙከራ 27 ጊዜ በተሳካለትና 30 ጊዜ በተሳካለት መቺ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ኳሶች ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ ወር ውስጥ ዕድል ሊፈጥረው ይችላል። ስለዚህ ለመምታት በቆመባቸው ጊዜያት ስንቱን በስትራይክ-አውት፣ ማለትም ሦስት ስትራይክ (የሳተው ወይም ያሳለፈው ጥሩ ኳስ) ተቆጥሮበት፣ እንደወጣ፣ ስንቱን ደግሞ መጥፎ ኳሶችን በትዕግሥት አሳልፎ በዎክ ወደ መጀመሪያው ቤዝ እንደሄደ አስልተው በመቶኛ ይጻፉ። ወደ ላይኛው እርከን ካለፈ በኋላ የስትራይክ-አውቱ መቶኛ ብዙ ካልጨመረ፣ አማካዩ ለጊዜው ቢወርድም እድገቱ ጤናማ ነው። ለወርዋሪ ግን ንባቡ ይገለበጣል፤ ስትራይክ-አውት ሲበዛና ዎክ ሲያንስ መልካም ነው።

ሜዳውንም ግምት ውስጥ ያስገቡ። የትሪፕል-ኤ ቡድን ያላት የኒው ሜክሲኮዋ አልበከርኪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በስስ አየሯ ኳስ ይርቃል፤ እዚያ የተመዘገበ ሆም ራን (ኳሱ ከሜዳው አጥር ውጭ የወጣበት ምት) በቆላ ከተማ ከተመዘገበው ጋር እኩል አይመዘንም።

ፈጣን እድገት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ለማየት የባልቲሞር ኦሪዮልሱን ጃክሰን ሆሊዴይን ይመልከቱ። በ2022 ድራፍት (ክለቦች በተራ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት) አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ይህ ወጣት በ2023፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ አራቱንም እርከኖች በአንድ የውድድር ዘመን ወጣ። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ወደ ሜጀር ሊግ ሲገባ ግን ከ34 ሙከራ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሳክቶለት ወደ ትሪፕል-ኤ ተመለሰ፤ በሐምሌ መጨረሻም እንደገና ተጠራ። እንዲህ ያለው መመለስ ሲያጋጥም ስሙን ከደብተርዎ አይሰርዙ፤ ከተመለሰ በኋላ ያሉትን ወራት በአዲስ ገጽ ይጀምሩ።

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚኖሩ አንባቢዎች የዋሽንግተን ናሽናልስ የሲንግል-ኤ ቡድን በፍሬድሪክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ይጫወታል። ሜዳ ሲገኙ ወጣቱ ሁለት ስትራይክ ከተቆጠረበት በኋላ የሚያደርገውን ይከታተሉ፤ አወዛወዙን አሳጥሮ ኳሱን ለመንካት የሚሞክር መሆኑ ከቁጥር ሠንጠረዥ በቀላሉ አይነበብም።

በመጨረሻም በኖቬምበር ወር ክለቡ ማንን ወደ 40 ሰው ዝርዝሩ (የሜጀር ሊግ ቡድኑ ተጫዋቾች ወደሚመረጡበት መዝገብ) እንዳስገባ ያረጋግጡ። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት የፈረመ ተጫዋች ከአምስት የውድድር ዘመናት በኋላ፣ በ19 ወይም ከዚያ በላይ የፈረመ ደግሞ ከአራት በኋላ በዝርዝሩ ካልገባ፣ በዲሴምበር በሚካሄደው የሩል 5 ድራፍት ሌላ ክለብ ሊወስደው ይችላል። ክለቡ ስለ ወጣቱ በእርግጥ ምን እንደሚያስብ ከየትኛውም መግለጫ ይልቅ ይህ ውሳኔ ስለሚያሳይ፣ ቀኑን ከስሙ ጎን አስቀድመው ይጻፉ።