ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቆጣሪው የሚሮጠው ለምንድን ነው?

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ቁጠባ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው «መብራት አጥፉ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነው። እኔ ግን ወረቀቱ ይቆየን፣ መጀመሪያ ምንጩ ይፈለግ እላለሁ። ከታች ያሉት በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደጋግመው የሚያጋጥሙ ናቸው።

ቢሉ ጨምሯል፣ ማን እንደሚፈጅ ግን አልታወቀም

ዓርብ የመጨረሻው መምህር ሲወጣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ። ሰኞ ከሰልፍ በፊት ድጋሚ አንብቡ። ልዩነቱ ማንም ሳይማር የተቃጠለ መብራት ነው። ንባቡን ለ5ኛና 6ኛ ክፍል የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ስጧቸው፤ የዓርቡን ቁጥር ከሰኞው መቀነስ ይችላሉ፣ አንዴ ከጀመሩም አይረሱትም።

ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ የውጭ መብራቶችን እዩ። ማታ ጥበቃው ያበራቸዋል፤ ጠዋት ተረኛው ሲቀየር ማን እንደሚያጠፋ ስላልተነገረ ፀሐይ ወጥቶም እንደበሩ ይውላሉ። በርክክብ መዝገቡ ላይ «የውጭ መብራት ጠፍቷል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ገንዘብ ከተገኘ ሲነጋ በራሱ የሚያጠፋ ፎቶሴል ይገጠም።

ቀጥሎ ፓምፑ ነው። ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ሞተሩ ካልቆመ፣ ሞተሩን የሚያስቆመው ተንሳፋፊ ተበላሽቷል። ውኃም መብራትም አብረው ስለሚባክኑ ከሁሉ በፊት ይህ ይጠገን። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኮምፒውተር ክፍሉና ወደ መምህራን ማረፊያ ሶኬቶች መሄድ ያለባችሁ።

በጠራራ ፀሐይ ክፍል ውስጥ መብራት ይበራል

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ክፍሉ ጨልሞባቸው ነው። መስታወቱ አቧራ ለብሷል፣ ወይም እስከ ላይ ቀለም ተቀብቷል፣ ወይም ወረቀት ተለጥፎበታል። የላይኛውን መስታወት ማጽዳት ሳሙናና ጨርቅ ብቻ ይጠይቃል። 36 ዋት የሆነው አሮጌ ፍሎረሰንት፣ የሚገባለትን ኤሌክትሪክ ከሚመጥነው ባላስት ጋር፣ ከ40 ዋት በላይ ይስባል፤ በርዝመት እኩያው የሆነው ኤልኢዲ ግን 18 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። ፍሎረሰንቱ በተቃጠለ ቁጥር በኤልኢዲ ቀይሩ። የወጣውን አምፖል ልጆች እንዳይሰብሩት አደራ፤ ውስጡ ሜርኩሪ አለ።

የሽንት ቤቱ ውኃ ድምፁ አይቆምም

የቀይ ሥር ውኃ ከወጥ ቤት አምጡና ታንከሩ ውስጥ ጨምሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ማንም አይጠቀምበት። መቀመጫው ውስጥ ቀለሙ ከታየ የታንከሩ ላስቲክ አይገጥምም ማለት ነው፤ ይቀየር።

የምሳ ሳህን ግማሹ ሳይበላ ይመለሳል

ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ምግቡ የተመደበው ቤታቸው የሚበሉት ላነሰባቸው ልጆች ጭምር ነውና። ብዙዎች «ልጆቹ ምግቡን አልወደዱትም» ብለው ያልፉታል። ሳህን መመለሻው አጠገብ ቆማችሁ የየትኛው ክፍል ሳህን እንደሆነ ተመልከቱ። የ1ኛ ክፍል ልጆች ብቻ ከሆኑ ምክንያቱ ጭልፋው ነው፤ ለ1ኛ ክፍል ሕፃንና ለ6ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ጭልፋ ይቀዳል። ለታናናሾቹ ትንሽ ጭልፋ ይመደብ፣ ያልጠገበ ሁለተኛ ይጨመርለት። መጨረሻ ላይ የሚገቡት ክፍሎች ከሆኑ ደግሞ ምክንያቱ ሰዓት ነው፤ ተራቸው ደርሶ ሳይጨርሱ ደወል ይደወላል። የመግቢያ ተራው በየሳምንቱ ይዙር። ሁሉም ክፍል እኩል የሚያስተርፍ ከሆነ ያኔ ጨውና አበሳሰሉን ከምግብ አብሳይዋ እናት ጋር በአክብሮት መነጋገር ነው።

ማዕድ ላይ ያልቀረበ፣ ያልተነካ እንጀራ ንጹሕ ቦታ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሁን፤ ከሳህን የተመለሰው ግን ወደ ኮምፖስት ይሂድ።

ማገዶ ቶሎ ያልቃል፣ ወጥ ቤቱ በጭስ ይታፈናል

እንጨቱ እርጥብ ነው። ከጣሪያ ሥር ከመሬት ከፍ ብሎ ይደርደር። ባቄላና ቦሎቄ ከዋዜማው ይዘፍዘፍ፣ ድስቱ ይከደን። በሦስት ጉልቻ የምታበስሉ ከሆነ ግን ዘላቂው መፍትሄ እሳቱን የሚከልል ምድጃና የጭስ ማውጫ ነው።

የቆሻሻ ገንዳው ይሸታል፣ ዝንብ ወሮታል

እርጥቡና ደረቁ ተቀላቅሏል። ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ቆሻሻ የተከመረበት ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል፤ ከግቢያችን የሚወጣው ቆሻሻ የሚከመረው ሰው አጠገብ መሆኑን ልጆቹ ቢያውቁ እወዳለሁ። ሃይላንዱና ካርቶኑ ለብቻ ተጠራቅሞ ለቆራሌ ይሸጥ። በአንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበት የፈተና ወረቀት ተሰፍቶ የሒሳብ መለማመጃ ይሆናል።

የምግብ ትራፊው በጉድጓድ ኮምፖስት ሲደረግ ከሸተተ እርጥበት በዝቶበታል፤ ደረቅ ቅጠልና የተቀደደ ወረቀት ጨምራችሁ አገላብጡት። አይጥ ከመጣ ትራፊው ሳይሸፈን ቀርቷል፤ በየቀኑ አፈር አልብሱት። ለወራት ሳይበሰብስ ከቆየ ደግሞ ወይ ደርቋል፣ ወይ የባሕር ዛፍ ቅጠል በዝቶበታል። ውኃ አርከፍክፉበት፣ የባሕር ዛፉን ለዩና በለስላሳ ቅጠልና በታጨደ ሣር ተኩት።